ስም ጠሪ የሌለባት ደሴት

መምህር የሌለበት ክፍል ምን እንደሚመስል ለእናንተ ለተማሪዎች ማስረዳት አያስፈልግም። መምህሩ በአስቸኳይ ወደ ጽሕፈት ቤት ይጠራል። የክፍል አለቃው ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳው አጠገብ ይቆምና የሚረብሹትን ስም ለመጻፍ ይዘጋጃል። በመጀመሪያ ሁሉም ጸጥ ይላል። ቀጥሎ አንዱ ያንሾካሹካል፤ ሁለተኛው ይስቃል፤ ሦስተኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ የራሱን ስም ከሰሌዳው ላይ በእጁ ያጠፋል። አለቃው ከዚያ በኋላ ምን ሊያደርግ ይችላል? ጠመኔው በእጁ ነው፤ ሥልጣኑ ግን ከእጁ ወጥቷል። ደግነቱ መምህሩ ይመለሳል። የእግሩ ኮቴ ገና ከሩቅ ሲሰማ ሁሉም ወደየቦታው ይገባል። ነገር ግን ኮቴው ባይሰማስ? መምህሩ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በሚቀጥለውም ወር ባይመለስስ?

እንግሊዛዊው ደራሲ ዊልያም ጎልዲንግ በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ ልብ ወለድ ጽፏል። የመጽሐፉ ስም «የዝንቦች ጌታ» ነው። የታተመው በ1954 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድማችሁ ልብ በሉ።

ጎልዲንግ የተወለደው በ1911 ዓ.ም. ነው። በሶልዝበሪ ከተማ በሚገኝ የወንዶች ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት በመምህርነት አገልግሏል። ስለዚህ የልጆችን ጠባይ ያወቀው በመጽሐፍ ሳይሆን በየዕለቱ ፊት ለፊት ቆሞ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአገሩ የባሕር ኃይል ውስጥ ተሰልፎ ነበር። በሰኔ ወር 1944 ዓ.ም. የተባበሩት አገሮች ጦር በኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ሲያርፍ ሮኬት የሚተኩስ መርከብ አዛዥ ሆኖ ተካፍሏል። ከጦርነቱ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ታዲያ ሁለት ዕውቀቶች በአንድ ራስ ውስጥ ተገናኙ፤ ጨዋ የሚባሉ ትልልቅ ሰዎች ምን ማድረግ እንደሚችሉ አይቷል፤ ከፊቱ ደግሞ ነገ ትልልቅ ሰዎች የሚሆኑት ልጆች ተቀምጠዋል።

በዚያን ጊዜ እንግሊዛውያን ልጆች በጣም የሚወዱት የደሴት ታሪክ ነበር። በ1857 ዓ.ም. የታተመው የባላንታይን «የኮራል ደሴት» ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ራልፍ፣ ጃክና ፒተርኪን የሚባሉ ሦስት ወጣቶች መርከባቸው ተሰብሮ ደሴት ላይ ይቀራሉ፤ ይሁን እንጂ ተደስተው፣ ተሳስበውና ተከባብረው ይኖራሉ። ክፉ ነገር የሚመጣባቸው ሁልጊዜ ከውጭ ነው። ጎልዲንግ ለልጆቹ እንዲህ ያለውን ታሪክ ያነብላቸው ነበር። አንድ ምሽት ለባለቤቱ፣ ልጆች ደሴት ላይ ቢቀሩ በእውነት የሚያደርጉትን የሚያሳይ ታሪክ ብጽፍ ምን ይመስልሻል ብሎ ጠየቃት፤ እርስዋም ጻፈው አለችው። ጽፎ ሲጨርስ ብዙ አሳታሚዎች መለሱበት። በመጨረሻ የተቀበለው የፌበር ኤንድ ፌበር ድርጅት ሠራተኛ የነበረው ቻርልስ ሞንቴዝ ሲሆን፣ ስለ ጦርነቱ የሚተርከውን ረጅም መግቢያ እንዲቆርጥ አድርጎታል። መልካም አደረገ ያሰኛል፤ አሁን መጽሐፉን ስንከፍት በቀጥታ ከልጆቹ ጋር ደሴቲቱ ላይ እንገኛለንና። ደራሲው በ1983 ዓ.ም. በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል፤ በ1993 ዓ.ም. አረፈ።

የታሪኩ አካሄድ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። በጦርነት ምክንያት ልጆችን ወደ ሌላ ስፍራ ያጓጉዝ የነበረ አውሮፕላን ተመትቶ ሰው በማይኖርባት ደሴት ላይ ይወድቃል። ከአደጋው የተረፉት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው፤ ትንንሾቹ የስድስት ዓመት ያህል፣ ትልልቆቹ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ናቸው። ራልፍ የተባለው ልጅ ከባሕር ዳር አንድ ትልቅ ዛጎል ያገኛል፤ እንደ መለከት ሲነፋው የተበተኑት ልጆች ይሰበሰባሉ። በድምፅ ብልጫ ራልፍን አለቃ አድርገው ይመርጣሉ። የመዘምራኑ መሪ ጃክ በመሸነፉ ያፍራል፤ ራልፍም እንዳይከፋው ብሎ መዘምራኑን በእርሱ ሥር እንዲቆዩ፣ አዳኞችም እንዲሆኑ ይፈቅድለታል። ዛጎሉን የያዘ ብቻ እንዲናገር፣ መርከብ እንዲያያቸው ከተራራው ላይ ዘወትር እሳት እንዲጤስ፣ መጠለያ እንዲሠራ ይወስናሉ። ውሳኔው ጥሩ ነበር። እሳቱን መጠበቅ ግን አሰልቺ ነው፤ አደን ደግሞ ያስደስታል። አዳኞቹ እሳቱን ትተው አሳማ ለመግደል በሄዱበት ሰዓት መርከብ መጥቶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ አውሬ አለ የሚል ፍርሃት ይነሣል፤ ፍርሃቱን የሚያባብለው ሰው ሥልጣን ያገኛል፤ ጃክ ተገንጥሎ የራሱን ጭፍራ ያቋቁማል። በመጨረሻ ሁለት ልጆች በጓደኞቻቸው እጅ ይሞታሉ፤ ራልፍም እንደ አውሬ ይታደናል።

ስለ ርእሱ ጥቂት እንበል። አዳኞቹ አንዲት እናት አሳማ ገድለው ራስዋን በሹል እንጨት ላይ ይሰኩና ለአውሬው መባ ብለው ይተዉታል። ራሱን ዝንብ ይወርረዋል፤ የዝንቦች ጌታ የተባለው እርሱ ነው። ይህ ስም በብሉይ ኪዳን የአቃሮን ሰዎች አምላክ፣ በወንጌል ደግሞ የአጋንንት አለቃ ሆኖ የተጠቀሰውን ብዔል ዜቡልን ያስታውሳል። በዕብራይስጥ «የዝንብ ጌታ» እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ብዔል» ከግእዙ «ባዕል» ጋር ዘመድ ነው፤ እኛም «ባለቤት»፣ «ባለመሬት» ስንል የምንናገረው «ባለ» ከዚሁ ከግእዙ የወረደ ነው። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ርእስ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ከራሳችን ቤት ዘመድ ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ብዙ አንባቢዎች ይህን መጽሐፍ ሲያስቡ ትዝ የሚላቸው ደሙ፣ ጭፈራውና በቀለም የተዥጎረጎረው ፊት ነው። በእኔ አስተያየት ግን የልጆቹ ንጽሕና መጥፋት የጀመረው ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ፣ ማንም እንደ ጥፋት በማይቈጥረው ነገር ነው። ይኸውም ስም ነው።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ራልፍን የሚያገኘው ልጅ ወፍራም፣ መነጽር የሚያደርግ፣ አስም ያለበትና በአክስቱ ቤት ያደገ ነው። ራልፍን ስሙን ይጠይቀዋል፤ ራልፍም ይነግረዋል። ልጁ በተራው ስሙ እስኪጠየቅ ይጠብቃል፤ ራልፍ ግን አይጠይቀውም። በኋላ ልጁ ራሱ፣ ትምህርት ቤት ሳለ በሚጠላው ቅጽል ስም ይጠሩት እንደ ነበረ በምሥጢር ያጫውተዋል፤ ለሌሎቹ እንዳይነግርበትም ይለምነዋል። ስሙ «ፒጊ» ነው፤ አሳሚት እንደ ማለት ነው። ራልፍ በጉባኤው ፊት ይናገርበታል፤ ሁሉም ይስቃል። ልብ በሉ፤ ይህን ያደረገው ክፉው ጃክ አይደለም፤ የምንወደው ራልፍ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ድረስ የዚህን ልጅ እውነተኛ ስም ማንም አይጠይቅም፤ ደራሲውም አይነግረንም። አሳማ በሚታደንበት ደሴት ላይ አሳማ ተብሎ መጠራት ምን ሊያስከትል እንደሚችል አስቡት።

የስም ዝርዝር መያዝ እንደሚያስፈልግ የተረዳው ይኸው ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ በልጆቹ መካከል እየተዘዋወረ ስማቸውን ይጠይቃል። ትንንሾቹ ግን እየሮጡ ያመልጡታል፤ የሚረዳውም ሰው የለም። በዚያው ሰሞን ልጆቹ በተራራው ላይ ያቀጣጠሉት እሳት ከቁጥጥራቸው ወጥቶ ጫካውን ያያይዘዋል። ፊቱ ላይ ቀይ ምልክት የነበረው አንድ ትንሽ ልጅ ከዚያ በኋላ አልታየም። ስሙ ማን ነበር? የሚያውቅ የለም። ልጆቹ ስንት ነበሩ? የቈጠረ የለም። ስለዚህ ማንም «ጐደለ» ብሎ በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ሁሉም ዝም ይላሉ። ለብዙ ዓመታት በየማለዳው ስም ስጠራ ሥራው ከልማድ ያለፈ ትርጉም ያለው አይመስለኝም ነበር፤ ይህን ምዕራፍ ካነበብኩ በኋላ ግን መዝገቡን የምከፍትበት እጄ ትንሽ ተለውጧል።

ሁለተኛው ልትመለከቱት የሚገባ ነገር የሮጀር ድንጋይ ነው። ሮጀር ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። አንድ ቀን በአራተኛው ምዕራፍ ሄንሪ የሚባል ትንሽ ልጅ በውኃው ዳር ብቻውን ሲጫወት ያየዋል። ከዘንባባ ዛፍ በስተጀርባ ተደብቆ ድንጋይ ይወረውርበታል፤ ግን አይመታውም። በሄንሪ ዙሪያ የጥቂት ሜትር ስፋት ያለው የማይታይ ክብ አለ፤ ሮጀር ወደዚያ ክብ ውስጥ ለመወርወር አይደፍርም። የሚከለክለው ማን ነው? ወላጆቹ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊሱ፣ ሕጉ፤ አንዳቸውም ደሴቲቱ ላይ የሉም። ክንዱ ግን ገና አልረሳቸውም። ደራሲው በዚያች ገጽ ላይ አንድም ሰው አልጐዳም፤ ቢሆንም ከመጽሐፉ ሁሉ የምታስፈራው ገጽ እርስዋ ናት። በዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ ያው ክንድ ትልቅ ቋጥኝ ይፈነቅላል። ቋጥኙ ዛጎሉን በእጁ ይዞ ስለ ሕግ ይናገር የነበረውን ፒጊን ይገድለዋል፤ ዛጎሉም ደቅቆ ይጠፋል። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለውን መንገድ መከታተል ታሪኩን መረዳት ነው። ሮጀር በአንድ ሌሊት ነፍሰ ገዳይ አልሆነም፤ ክቡ በየቀኑ ጠበበ።

ሦስተኛው ነገር በቀጥታ የሰዋስው ትምህርታችንን የሚነካ ነው። በዘጠነኛው ምዕራፍ ልጆቹ በዝናብና በመብረቅ መካከል እየጨፈሩ ሳሉ ሳይመን የተባለው ዝምተኛ ልጅ ከጫካው እየዳኸ ይመጣል። የሚያስፈራቸው አውሬ ከሰማይ የወረደ የሞተ የፓራሹት ወታደር እንጂ ሌላ አለመሆኑን በዓይኑ አይቶ፣ ይህን ሊነግራቸው ነበር። አውሬው መጣ ብለው ይገድሉታል። በገዳዮቹ ክብ ውስጥ ራልፍና ፒጊም ነበሩበት። በማግሥቱ ራልፍ የሆነውን ነገር በስሙ ሊጠራው ይሞክራል፤ ግድያ ነው ይላል። ፒጊ ግን አይቀበለውም፤ ጨለማ እንደ ነበረ፣ መብረቁ እንዳስፈራቸው፣ የደረሰው አደጋ መሆኑን እየደጋገመ ይከራከራል። ጥቂት ቈይተው መንትዮቹ ሳምና ኤሪክ ሲመጡ አራቱም ደክሟቸው ቀደም ብለው እንደ ሄዱ ይነጋገራሉ። ሁሉም እንደሚዋሹ ያውቃሉ።

ስለ አድራጊና ስለ ተደራጊ ግስ የተማራችሁትን እዚህ ላይ አስታውሱ። «ገደልነው» ስንል ግሱ አድራጊ ነው፤ በውስጡ ያለው «ነ» እኛን፣ በመጨረሻው ያለው «ው» እርሱን ያመለክታል። በአንዲት ቃል ውስጥ ገዳይም ሟችም ቆመዋል። «ተገደለ» ስንል ሟቹ ይቀራል፤ ገዳዩ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። «ሞተ» ስንል ደግሞ ገዳይ የሚባል ሰው መኖሩም ይረሳል። «አደጋ ደረሰ» ያልን እንደ ሆነ ሟቹም ራሱ ይጠፋል። እንግዲህ አራት አባባሎች አሉን፤ አራቱም በሰዋስው ሕግ ትክክል ናቸው። ፒጊ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ የሆነው ልጅ ነው፤ ሆኖም በዚያ ማለዳ ከአራቱ የመረጠው የመጨረሻውን ነው። ራልፍ የመጀመሪያውን ለመናገር ይደፍራል፤ መንትዮቹ ሲመጡ ግን እርሱም አብሮ ይዋሻል።

ገጸ ባሕርያቱን «መልካም» እና «ክፉ» ብላችሁ በሁለት ረድፍ ብትጽፉ ይህ መጽሐፍ አይገባችሁም የምለው ስለዚህ ነው። ዛጎሉ የሕግ ምልክት፣ መነጽሩ የዕውቀት፣ እሳቱ የተስፋ ምልክት ነው የሚለው አተረጓጐም የተለመደ ነው፤ ስሕተት ነው አልልም። ዛጎል ግን በራሱ ባዶ ቅርፊት ነው፤ ኃይል የነበረው ሁሉም ለማክበር እስከ ተስማሙ ድረስ ብቻ ነው። ስለ መነጽሩም ቢሆን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጆቹ እሳት የሚያነዱት በፒጊ መነጽር የፀሐይን ብርሃን ሰብስበው ነው። ፒጊ ግን ቅርቡን እንጂ ሩቁን አጥርቶ ማየት የማይችል ልጅ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ዓይን የሚሠራ መስተዋት ብርሃንን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም። የፊዚክስ መምህራችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። የኖቤል ተሸላሚም ይሳሳታል፤ ታሪኩ ግን በዚህ አልፈረሰም።

«በእውነት ልጆች ብቻቸውን ቢቀሩ እንዲህ ይሆናሉን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1965 ዓ.ም. በደቡብ ፓስፊክ በምትገኘው በቶንጋ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የነበሩ ስድስት ወጣቶች ጀልባ ይዘው ከወጡ በኋላ ማዕበል መታቸው፤ ሰው ወደማይኖርባት አታ ወደምትባል ደሴት ደረሱ። በዚያም ዐሥራ አምስት ወር ያህል ቈዩ። በ1966 ዓ.ም. ፒተር ዎርነር የተባለ አውስትራሊያዊ የመርከብ አዛዥ ሲያገኛቸው ስድስቱም በሕይወት ነበሩ። ሥራቸውን በተራ ይሠሩ ነበር፤ እሳታቸው አልጠፋም፤ የተጣሉ እንደ ሆነ ቍጣቸው እስኪበርድ ተለያይተው ይቈዩ ነበር። አንዱ ወድቆ እግሩ ቢሰበር ሌሎቹ አስተካክለው አስረው አድነውታል። አንዳንዶች ይህን ታሪክ ጎልዲንግ መዋሸቱን ለማረጋገጥ ይጠቅሱታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የቶንጋ ልጆች ስድስት ብቻ ነበሩ፤ ደሴቲቱ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ጓደኛሞች ነበሩ፤ እያንዳንዱ የሌላውን ስም፣ ቤቱንና ዘመዱን ያውቅ ነበር። አንዱ ቢጐድል በዚያው ቅጽበት ይታወቃል። በልብ ወለዱ ውስጥ ያሉት ልጆች ግን አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ ተቈጥረውም አያውቁም። ደግሞም ያሳደጋቸው ዓለም በዚያው ሰዓት በጦርነት እየነደደ ነበር። አዋቂዎች ምልክት ላኩልን ብለው ሲመኙ ከሰማይ የወረደላቸው ያ የሞተ ወታደር መሆኑን አትርሱ።

በመጨረሻው ምዕራፍ ጃክና ጭፍራው ራልፍን ከተደበቀበት ለማስወጣት ጫካውን ያቃጥላሉ። ጢሱን አይቶ አንድ የጦር መርከብ ይመጣል። ያ ሁሉ ጊዜ ለመዳን የተለኰሰው እሳት ያላመጣውን መርከብ ለመግደል የተለኰሰው እሳት አመጣው። ራልፍ እየሮጠ አሸዋው ላይ ሲወድቅ ከፊቱ ነጭ ልብስ የለበሰ የባሕር ኃይል መኰንን ቆሟል። እዚህ ላይ ደራሲው የሚያየውን ዓይን ይለውጣል። እስከ አሁን በራልፍ ዓይን ስናየው የኖርነው አስፈሪው ጃክ፣ በመኰንኑ ዓይን ሲታይ የተቀዳደደ ቆብ ያደረገ፣ በወገቡም የተሰበረ መነጽር ያንጠለጠለ አንድ ትንሽ ልጅ ነው። መኰንኑ ጨዋታ መስሎት የሞተ ሰው እንዳለ በፈገግታ ይጠይቃል። ራልፍ ሁለት ብቻ ብሎ ይመልሳል። ተማሪዎች፣ እናንተ ግን ቍጠሩ፤ ሳይመንና ፒጊ ሁለት ናቸው፤ ፊቱ ላይ ምልክት የነበረው ልጅስ? ራልፍ ይህን የሚለው ለመዋሸት ብሎ አይመስለኝም።

መኰንኑ ቀጥሎ በጠቅላላው ስንት እንደ ሆኑ ይጠይቀዋል። ራልፍ ራሱን ይነቀንቃል። አለቃው ማን ነው ሲል ደግሞ እኔ ነኝ ብሎ ይመልሳል። አለቃ ሆነህ ስንት እንደ ሆናችሁ አታውቅምን ተብሎ ሲጠየቅ አላውቅም ይላል፤ ከዚያም ያለቅሳል።

በዚያው ቦታ ከተሰበሰቡት ትንንሾች መካከል ፐርሲቫል የሚባል ልጅ አለ። ቤተሰቦቹ ቢጠፋ እንዲረዳው ብለው ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውንና የስልክ ቍጥሩን እንደ ጸሎት በቃሉ አስጠንተውታል። በአምስተኛው ምዕራፍ በጉባኤው ፊት ቆሞ ይህን ሲያነበንብ ስሙንና አድራሻውን ተናግሮ፣ ስልኩ ላይ ሲደርስ ተሰናክሎ አልቅሶ ነበር። አሁን ወደ መኰንኑ ይቀርብና ማን መሆኑን ሊነግረው አፉን ይከፍታል። እኔ፣ እኔ ብሎ ይጀምራል፤ የሚቀጥለው ቃል ግን አይመጣለትም።